የእጅ ፊርማዬን በኮምፒውተር ሰነድ ላይ ማስቀመጥ፦ ግራጫውን ሳጥን እንዴት ላጥፋው?

ተርጓሚዋ ከሐዋሳ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ትርጉም ነው። ከውጭ አገር ደንበኞች ጋር የምገናኘው በኢሜይል ስለሆነ በየወሩ ሦስት አራት ሰነድ ፈርሜ እንድመልስ ይላክልኛል፤ ውል፣ የምሥጢር ጥበቃ ስምምነት፣ የክፍያ መጠየቂያ። እስካሁን ሰነዱን በፍላሽ ይዤ ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት እሄዳለሁ፤ አሳትማለሁ፣ እፈርማለሁ፣ ስካን አስደርጌ እመለሳለሁ። መብራት የጠፋ ዕለት ሥራው ለነገ ያድራል። ለአንዲት ፊርማ ብሎ አሥራ ሁለት ገጽ ማተምም ያሳዝነኛል።

ባለፈው ሳምንት በነጭ ወረቀት ላይ ፈርሜ በስልኬ ፎቶ አነሣሁና ዎርድ ላይ ለጠፍኩት። ፊርማው በግራጫ ሳጥን ውስጥ የታሰረ መስሎ ታየ፤ ከሥሩ የተጻፈውን ስሜንም ሸፈነው። አንድ የጀርመን ደንበኛዬ ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የመጣ ስለሚመስል እንደገና እንድልክለት ጻፈልኝ። ፊርማው የገዛ እጄ ስለሆነ ቅር አለኝ።

ስምን በሚያምር ፊደል ጽፈው ፊርማ ነው የሚሉ ድረ ገጾች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው ባንክ ያለውን፣ ፓስፖርቴ ላይ ያለውን የእጄን ፊርማ ነው። እንዴት ላድርግ?

ብርሃን አንሺ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

እህቴ፣ ጥፋቱ የዎርድ ሳይሆን የፎቶው ነው። ነጭ ወረቀት በአምፖል ብርሃን ሲነሣ ነጭ ሆኖ አይወጣም። ዓይናችን ነጭ መሆኑን ስለሚያውቅ ያልፈዋል፤ ካሜራው ግን ቢጫውንም ግራጫውንም እንዳየው ይመዘግበዋል። ሳጥኑ የመጣው ከዚያ ነው።

መስመር የሌለው ንጹሕ ወረቀትና ጫፉ ወፈር ያለ ጥቁር እስክሪብቶ ያዢ። በቀጭን እስክሪብቶ የተጻፈ ፊርማ ምስሉ ሲያንስ ይበጣጠሳል። ከወትሮው ትንሽ ገዘፍ አድርገሽ አሥር ጊዜ ያህል ፈርሚ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራቱ የተጨነቁ ይሆናሉ፤ እጅ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት መስኮት አጠገብ ሆነሽ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ፣ ያለ ፍላሽ አንሺው። ስልኩ ከወረቀቱ በላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይያዝ፤ ዘንበል ካለ ፊርማው ይንጋደዳል። የራስሽን ጥላም ተጠንቀቂ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው።

ከዚያ ወደ ዎርድ አስገብተሽ ምስሉን ስትነኪው "ፒክቸር ፎርማት" የሚለው ይከፈታል። መጀመሪያ በ"ኮሬክሽንስ" ብርሃኑንና ንፅፅሩን ከፍ አድርጊው፤ ቀጥሎ በ"ከለር" ሥር "ሴት ትራንስፓረንት ከለር" የሚለውን መርጠሽ ነጩን ንኪ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጪው፤ ይህ መሣሪያ የሚያጠፋው አንዲት ዓይነት ነጭ ብቻ ስለሆነ ጥላ ያለበት ፎቶ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። ከዚህ የተሻለው ጊምፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። "ከለር ቱ አልፋ" የሚለው ትእዛዙ ወረቀቱን አስወግዶ የእስክሪብቶውን ቀለም ብቻ ያስቀራል። ሲቀመጥ ፒኤንጂ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ይሁን፤ ጄፔግ የሚባለው ዓይነት ግልጽ ጀርባን መያዝ ስለማይችል ነጩን ሳጥን መልሶ ያመጣብሻል።

ፊርማው ስምሽን እንዳይሸፍን በ"ራፕ ቴክስት" ውስጥ "ቢሃይንድ ቴክስት" የሚለውን ምረጪ። አቀማመጡም ይታሰብበት። ሰው በእጁ ሲፈርም ፊርማው መስመሩን ይነካል፣ ጅራቱም ወደ ታች ያልፋል። ከመስመሩ በላይ ተንሳፍፎ የቀረ ፊርማ ነው የተለጠፈ የሚመስለው።

ከመዝገብ ቤት — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ልጄ፣ የተሰጠሽ ምክር ጥሩ ነው። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ስለሠራሁ ሌላውን ወገን ልንገርሽ።

በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊው ሥራ ይበዛባቸው ነበርና ፊርማቸው ስካን ተደርጎ በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ለስብሰባ ጥሪ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ለፈቃድ፣ ከዚያም ለዝውውር ደብዳቤ ዋለ። ኃላፊው ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወሩ በኋላ የእሳቸው ፊርማ ያለበት የዝውውር ደብዳቤ ወጣ፤ ቀኑ እሳቸው ከመሥሪያ ቤቱ ከሄዱ በኋላ ያለ ነበር። የተዛወረው ሠራተኛ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ፣ ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። ማን እንደ ለጠፈው ለማወቅ አልተቻለም፤ ፋይሉን ስድስት ሰው ይከፍተው ነበር። ያ ሠራተኛ ወደ ቦታው ለመመለስ ወራት ፈጀበት። የወጪ ደብዳቤ መዝገቡን ይዤ ከቢሮ ቢሮ አብሬው የዞርኩት እኔ ነኝ።

በአገራችን ደብዳቤ የሚታመነው በማኅተሙ ነበር። የዐፄ ምኒልክን ደብዳቤዎች ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ማኅተሙ ከጽሑፉ በላይ፣ ከደብዳቤው ራስ ላይ ነው። እስከ ዛሬም ክብ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው። ማኅተሙንም ማታ ማታ ካዝና ውስጥ እንቆልፍበት ነበር። ያ የፊርማሽ ፋይል እኮ ማኅተም ነው። ማኅተም የሚያዝበትን አያያዝ ያዢው።

ተርጓሚዋ ከሐዋሳ — ረቡዕ፣ ከረፋዱ 4፡05

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት መስኮት ዳር ሆኜ አነሣሁት፤ ሳጥኑ ጠፋ! ሰባተኛው ፊርማ ነው የተመረጠው።

አባቴ፣ የነገሩኝ ታሪክ አስደነገጠኝ። ፋይሉን በጋራ ኮምፒውተር ላይ ላለማስቀመጥ ወስኛለሁ። ግን ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንዳንዱ ሰነድ የሚመጣው በፒዲኤፍ ነው፤ ዎርድ ላይ ስከፍተው ቅርጹ ይበላሻል። ደግሞስ እንዲህ የተፈረመ ውል ሕጋዊ ነው?

ሽቦና ቁልፍ — ረቡዕ፣ ቀን 6፡40

ፒዲኤፉን ወደ ዎርድ መቀየር አያስፈልግሽም። አክሮባት ሪደር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም "ፊል ኤንድ ሳይን" የሚል ክፍል አለው። ፊርማ ጨምሪ ሲልሽ ሦስት ምርጫ ያቀርብልሻል፤ በፊደል መጻፍ፣ በእጅ መሳል፣ ምስል ማስገባት። ያዘጋጀሽውን ምስል በሦስተኛው አስገቢ። የማክ ኮምፒውተር ያለው ሰው ደግሞ "ፕሪቪው" ይበቃዋል፤ ነጭ ወረቀት ላይ ፈርሞ ለኮምፒውተሩ ካሜራ ቢያሳይ ጀርባውን ራሱ አጥፍቶ ያስቀምጥለታል።

ጉግል ዶክስ ላይም ይቻላል። "ኢንሰርት"፣ "ድሮዊንግ"፣ "ኒው" ብለሽ ከመስመሮቹ ዝርዝር "ስክሪብል" የሚለውን መምረጥ ነው። ይህ በኮምፒውተር እንጂ በስልኩ መተግበሪያ አይሠራም። በማውዝ የተፈረመ ፊርማ ደግሞ የታመመ ሰው ፊርማ ይመስላል፤ ለአንቺ አልመክረውም።

የዎርድ ፋይልን ከነፊርማው ለማንም አትላኪ። የተቀበለው ሰው ምስሉን በቀኝ አዝራር ነክቶ ለብቻው ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ጥራት ያለው ቅጂ ይኖረዋል ማለት ነው። ወደ ፒዲኤፍ ቀይረሽ ላኪ። ከፒዲኤፍም ምስል ይወጣል፤ ልዩነቱ ትንሽ ድካም መጠየቁ ነው። ስለዚህ እኔ ፊርማዬ ላይ የሚያርፍ አንዲት ቀጭን የጽሑፍ መስመር አኖራለሁ፤ የውሉ ስምና ቀን ፊርማውን አቋርጦ ያልፋል። ቆርጦ ለሌላ ሊያውለው የሚፈልግ ሰው ያን ጽሑፍም አብሮ ይወስዳል።

ሕግና ልማድ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ጠበቃ ነኝ። ጥያቄው በየቀኑ ስለሚገጥመኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1728 ላይ ተዋዋዮች በእጃቸው መፈረም እንዳለባቸው ይናገራል፤ መፈረም ያልቻለ የጣት አሻራውን ያኖራል። ያኔ ሌላ ዓይነት ፊርማ አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. ግን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 ወጣ፤ በ2012 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ተከተለው። የእነዚህ ሕጎች መንፈስ አንድ ፊርማ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተሠራ ብቻ ዋጋ አይነፈገውም የሚል ነው።

ዋጋ አለው ማለት ግን ክርክር አይነሣበትም ማለት አይደለም። ነገ ሌላው ወገን "ይህ ፊርማ የእኔ አይደለም" ቢል ምን ታቀርቢያለሽ? በወረቀት ላይ ያለ ፊርማ በባለሙያ ይመረመራል፤ የእጁ ጫና፣ የቀለሙ አወራረድ ይታያል። የተለጠፈ ምስል ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ አንድ ሺህ ጊዜ ቢለጠፍ አንድ ነው። ስለዚህ የሚያድንሽ በዙሪያው ያለው ነው። ውሉ የተላከበት ኢሜይል፣ "አንብቤ ተስማምቼ ፈርሜ ልኬያለሁ" ያልሽበት መልስ፣ ሥራው የተጀመረበትና ክፍያው የገባበት ቀን። እነዚህን አታጥፊ። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይባል የለ።

በዚህ ዓይነት ፊርማ ፈጽሞ የማይሠሩ ሰነዶችም አሉ። ውክልና፣ የቤት ሽያጭ፣ ኑዛዜ። ውክልና ውልና ማስረጃ ፊት ተቀርቦ የሚፈረም ነው፤ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 የቆመው ለዚሁ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ቁጥር 1723ን ተመልከቺ። በተናዛዡ እጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በራሱ እጅ መጻፍ ስላለበት በኮምፒውተር ተጽፎ ፊርማ ብቻ ቢለጠፍበት ከንቱ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡02

ስለ ውክልና የተባለውን በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ የቤቱን ጉዳይ ወንድሜ አዲስ አበባ ላይ እንዲጨርስ ውክልና መስጠት ነበረብኝ። እዚህ አገር የቤት ኪራዬን፣ የመኪና ብድሬን፣ የሥራ ውሌን የፈረምኩት በስልኬ ላይ በጣቴ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማን የሚያጸና የፌዴራል ሕግ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ስለዚህ ውክልናውንም ጽፌ ፊርማዬን አስቀምጬ በቴሌግራም ላክኩለት። ወንድሜ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፎ ወረፋው ሲደርስ መለሱት፤ ትክክልም ነበሩ።

በኋላ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ኤምባሲያችን ሄጄ ቆንስላው ፊት ፈረምኩ፤ ዋናው ወረቀት ወደ አገር ቤት በሰው እጅ ሄደ። በእንባ የተላለቅንበት ወር ነበር። ሁለት ጊዜ ባልለፋ ደስ ባለኝ። ውጭ ያላችሁ፣ ለባዕድ አገር ሥራ የሚበቃው የስልክ ፊርማ ለአገር ቤት ውክልና አይበቃም። የአሜሪካው ሕግ ራሱ ኑዛዜን ከዚህ ውጭ አድርጎታል።

ቆፍጣናው — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ነገሩን ከልክ በላይ አከበዳችሁት። እኔ አምስት ዓመት እንዲህ ስፈርም ኖሬአለሁ፤ የጠየቀኝ የለም። ፊርማዬን የሚፈልግ ሌባ ከየትኛውም ደብዳቤዬ ላይ ፎቶ ያነሣዋል። እህታችን ሥራዋን ትሥራ፤ በፍርሃት አታስሯት።

ከመዝገብ ቤት — ሐሙስ፣ ከረፋዱ 3፡40

ወንድሜ፣ አንተን አልጠየቁህም፤ ያን የዝውውር ደብዳቤ የተቀበለውን ሰው ግን ማንም ሳይጠይቀው ነው ኑሮው የተናጋው። ከደብዳቤ ላይ ፎቶ የተነሣ ፊርማ ከሥሩ መስመርና ማኅተም፣ ከጀርባው የወረቀት ጥላ አለው፤ የሚያየው ሰው ይጠረጥራል። ጀርባው የጠራ ፒኤንጂ ግን የትም ቢቀመጥ ልክ ነው። ልጅቱ በትጋት ያዘጋጀችው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህም ነው ጥንቃቄው የሚበዛው። እኔ ሥሪ እንጂ አትሥሪ አላልኳትም።

ሽቦና ቁልፍ — ሐሙስ፣ ቀን 7፡25

ጠበቃው ያነሡትን የሚፈታው ዲጂታል ፊርማ የሚባለው ነው። ብዙ ሰው ስሙን ከዚህ ከምናወራው ጋር ስለሚያደባልቀው ልለየው።

አሁን የምናወራው ስለ ሥዕል ነው። ዲጂታል ፊርማ ሥዕል አያስፈልገውም። ሰነዱ በቀመር ተጨምቆ አጭር ቁጥር ይወጣለታል፤ ያ ቁጥር በፈራሚው ምሥጢራዊ ቁልፍ ይታሸጋል። ተቀባዩ በግልጽ በሚታወቀው ሁለተኛው ቁልፍ ይፈትሸዋል። ከተፈረመ በኋላ አንድ ነጠላ ሰረዝ ብትቀየር፣ ሃያ ሺህ የነበረው ብር ሁለት መቶ ሺህ ቢሆን፣ ፍተሻው ይወድቃል። ያ ቁልፍ የእገሌ ነው ብሎ የሚመሰክር የምስክር ወረቀት ሰጪ ያስፈልጋል፤ በአዋጅ 1072 መሠረት በእኛ አገር የእነዚህ ሁሉ ሥር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኢንሳ የምንለው ነው።

ደንበኛሽ ጀርመን ስለሆነ ይህን እወቂ። በአውሮፓ ኅብረት ኢአይዳስ የሚባለው ደንብ ቁጥር 910/2014 ፊርማን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። የተለጠፈ ምስል ታችኛው ነው። ከእጅ ፊርማ እኩል የሚቆጠረው የላይኛው ብቻ ነው። ለተራ የትርጉም ሥራ ውል ታችኛው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ገንዘቡ ከፍ ካለ ግን ደንበኛው ራሱ በዶክዩሳይን ዓይነት የኢንተርኔት ማስፈረሚያ አገልግሎት እንዲልክልሽ ጠይቂ። ክፍያው የላኪው ነው፤ አንቺ ለመፈረም አትከፍዪም፤ መቼ እንደ ተከፈተና መቼ እንደ ተፈረመ መዝገቡ አብሮ ይቀመጣል።

የደጋው — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡50

ይቅርታ፣ ከጉዳዩ ብዙ ባልርቅ። አባቴ ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነው። የመሬት ኪራይ ውል በቴሌግራም ተልኮልኛል። የጣታቸውን አሻራ በወረቀት ላይ አስቀምጬ፣ እንደ ፊርማው ፎቶ አንሥቼ ባስገባው ይሆናል?

ሕግና ልማድ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

እባክህ አታድርገው። ያው ቁጥር 1728 ማንበብ የማይችልና ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ፊርማው ወይም አሻራው የሚያስገድደው ውል በሚያዋውል ሹም ወይም በዳኛ ፊት የተረጋገጠ እንደሆነ ብቻ ነው ይላል። ሕጉ አባትህን ለመጠበቅ የቆመ ነው። ይህ ወረቀት በኮምፒውተር ሲሠራ ለአባትህም ለተከራዩም አደጋ ነው። አባትህን ይዘህ ሂድ፤ ውሉ በሚረዱት ቋንቋ ይነበብላቸው፤ ከዚያ ያትሙ።

ሒሳብ ያዥዋ — ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ሁላችሁም ስለ ፊርማው ስትናገሩ ከፊርማው ጎን ያለውን ቀን ማንም አላነሣውም። እኔ የምሠራው በአዳማ በአንድ ላኪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው። ከውጭ ለሚከፈል ገንዘብ የፈረምነውን ሰነድ 5/1/2017 ብለን ልከን ክፍያው ተይዞብን ያውቃል። እኛ የጻፍነው መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። አሜሪካዊው ያነበበው ሜይ 1 ቀን 2017 ብሎ ነው፤ ውሉ ከሰባት ዓመት በፊት የተፈረመ መሰለው። ቀኑ ግን እነሱ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 የሚሉት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለውጭ ሰነድ ወሩን በቁጥር አልጽፍም፤ በእነሱ አቆጣጠር የወሩን ስም በፊደል አስቀምጣለሁ። በአማርኛ ሲሆን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው አይለየውም። ፊርማ የሚፈተሸው ከቀኑ ጋር ተያይዞ ነው።

ተርጓሚዋ ከሐዋሳ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡45

ቀኑን አስተካክዬ፣ የውሉን ስም በፊርማው ላይ አሳልፌ፣ በፒዲኤፍ ላክኩት። ደንበኛው ከሰዓት በኋላ ተቀብሎ ሥራውን ጀምሪ አለኝ። አሥራ ሁለት ገጽ ሳላትም!

ፊርማዬ በአማርኛ ፊደል መሆኑንም ጠይቆኝ ነበር። ፓስፖርቴ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ነገርኩት፤ ተቀበለው። የመጀመሪያውን ፊደል "መ"ን እንደ ልጅነቴ ነው የምጽፈው፤ አባቴ እጄን ይዘው ያስተማሩኝ ነው። ያን ፊርማ በሌላ ፊደል መተካት አልፈልግም።

ከመዝገብ ቤት — ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡15

እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጄ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አሥር ጊዜ የፈረምሽበትን ወረቀት ምን አደረግሽው? በባዶ ወረቀት ላይ ያለ ፊርማ ከላዩ የፈለጉት ይጻፍበታል።

ተርጓሚዋ ከሐዋሳ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጠረጴዛዬ ላይ ከመዝገበ ቃላቱ ሥር ነበር። አሁን ለቡና በተቀጣጠለው ከሰል ላይ ጨመርኩት። ስልኬም ፎቶዎቹን ራሱ ወደ ጉግል ፎቶ እንደሚልክ ትዝ አለኝና እዚያም ገብቼ ዘጠኙን አጠፋሁ፤ ከቆሻሻ መጣያውም ጨርሼ አጠፋኋቸው። ሰባተኛው በይለፍ ቃል በተቆለፈ ፍላሽ ላይ ነው፤ ፍላሹ ከፓስፖርቴ ጋር ሣጥን ውስጥ ነው።